ጎሳን ያፈረሰ ቤተሰብ፦ የሞንጎሎች ኢምፓየር እንዴት ቆመ፣ ለምን ተሰነጠቀ፣ ዛሬስ ለምን ያነታርካል?

በፈረንሳይዋ ናንት ከተማ የሚገኘው የታሪክ ሙዚየም ስለ ጀንጊስ ካን ያሰናዳውን ትልቅ ዐውደ ርእይ በ2020 ድንገት ለሌላ ጊዜ አስተላለፈው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቅርሶቹ የሚመጡት በቻይና ሥር ካለችው ውስጣዊ ሞንጎሊያ ነበር። የቻይና ባለሥልጣናት ግን «ጀንጊስ ካን»፣ «ኢምፓየር» እና «ሞንጎል» የሚሉት ቃላት ከዐውደ ርእዩ ይውጡ አሉ፤ ቀጥለውም ጽሑፉን፣ ካርታውንና ካታሎጉን እኛ ሳናየው አይውጣ ብለው ጠየቁ። ሙዚየሙ እምቢ አለ። ቅርሶችን ከሌላ ቦታ አሰባስቦ በኦክቶበር 2023 በሩን ከፈተ።

በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን ለአሜሪካዊው ጋዜጠኛ ታከር ካርልሰን በሰጡት ቃለ መጠይቅ ስለ ዩክሬን ሲጠየቁ ከዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ረጅም የታሪክ ትርክት አወረዱ። ከቀናት በኋላ የቀድሞው የሞንጎሊያ ፕሬዚዳንት ፃኺያጊን ኤልቤግዶርጅ የሞንጎሎችን ኢምፓየር የሚያሳይ ካርታ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው ለጠፉ። አትጨነቁ፣ እኛ ሰላማዊና ነፃ ሕዝብ ነን የሚል ቃልም አከሉበት። ካርታው ላይ የዛሬዋ ሩሲያ ሰፊ ክፍልም ቻይናም በሞንጎሎች ቀለም ተቀብተዋል።

ቀልዱ የሠራው እውነት ስላለበት ነው። ሞስኮም ቤጂንግም አንድ ዘመን ለአንድ ቤተሰብ ገብረዋል። ዛሬ ሞንጎሊያ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት፣ ባሕር የሌላት፣ በሁለቱ መካከል የተጣበቀች አገር ናት፤ ሆኖም የጀንጊስ ካን ስም ሲነሣ ሁለቱም ጎረቤቶች ፊታቸው ይቋጠራል። ነገሩን ለመረዳት ግዛቱ እንዴት እንደተሠራና በምን እንደተሰነጠቀ ማየት ያስፈልጋል። ስለ ሞንጎሎች ስንሰማ የኖርነው ስለ ቁጥራቸውና ስለ ጭካኔያቸው ነው። ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነበር፤ ጭካኔውም በዚያ ዘመን የእነሱ ብቻ አልነበረም። ልዩ ያደረጋቸው መሪያቸው የሌላውን ሁሉ ጎሳ አፍርሶ ከባዶ እንደ አዲስ ማደራጀቱ ነው። አንድ ጎሳ ብቻ ሳይነካ ቀረ፤ የራሱ ቤተሰብ። ግዛቱም የተሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው።

ዘመድ የጣለው ልጅ

ቴሙጂን የተወለደው በ1162 ገደማ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለ አባቱ የሱጌይ በታታሮች ተመርዞ ሞተ። የአባቱ ወገኖች ያደረጉት ነገር በሞንጎሎች የራሳቸው ታሪክ ውስጥ ሳይሸፋፈን ተጽፏል፤ ከብታቸውን ነድተው፣ ድንኳናቸውን ነቅለው፣ መበለቲቱን ሆኤሉንን ከነልጆቿ ሜዳ ላይ ጥለው ሄዱ። እናትየው ሥር እየቆፈረች፣ የዱር ፍሬ እየለቀመች አሳደገቻቸው። ልጆቹ በወንዙ ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ በአንድ ዓሣ በተነሣ ጠብም ቴሙጂን ከወንድሙ ጋር ሆኖ የእንጀራ ወንድሙን ቤክተርን በቀስት ገደለው። ጥቂት ቆይቶ የአባቱ ዘመዶች የሆኑት ታይቺዑዶች ይዘው አንገቱ ላይ የእንጨት ቀንበር ጫኑበት።

ከዚያ ያስጣለው ማን ነው? ዘመድ አይደለም። ሶርካን ሺራ የሚባል የታይቺዑዶች ሎሌ ቤት ገብቶ፣ የሰውዬው ልጆች ሱፍ በተጫነ ጋሪ ውስጥ ቀበሩት። ፈታሾች መጥተው ጋሪውን መበርበር ሲጀምሩ ሶርካን ሺራ በዚህ ሐሩር ሱፍ ውስጥ ሰው እንዴት ይተነፍሳል ብሎ መለሳቸው። የቤተሰቡ ፈረሶች በተሰረቁ ጊዜም አብሮት ሌቦቹን ያሳደደው ቦኦርቹ በመንገድ ያገኘው የማያውቀው ልጅ ነበር። በ1203 ተሸንፎ ወደ ባልጁና ሲሸሽ አብረውት የጭቃ ውሃ የጠጡት ጥቂት ሰዎች ከተለያየ ወገን የተሰባሰቡ ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ነበሩበት። የሥጋ ዘመዶቹ በዚያ ወቅት ከጠላቱ ጋር ነበሩ።

የዘመዶቹ መክዳት ምክንያት ነበረው። ቴሙጂን በ1202 ታታሮችን ሊወጋ ሲነሣ ድሉ ሳያልቅ ማንም ምርኮ እንዳይነካ፣ ሁሉም በኋላ በእኩል እንደሚከፋፈል አዘዘ። በእንጀራ ቋንቋ ሲነገር ትእዛዙ የመሳፍንቱን ጥቅም የሚቆርጥ ነው፤ የጎሳ አለቃ የሚከበረው በራሱ እጅ ዘርፎ ለራሱ ሰዎች ሲያድል ነውና። አጎቱና ሁለት ሌሎች ዘመዶቹ ትእዛዙን ጣሱ። የዘረፉትን ነጠቃቸው። እነሱም አኩርፈው ወደ ከሬይቶቹ ንጉሥ ወደ ቶግሩል ገቡ።

በ1206 በኦኖን ወንዝ ምንጭ አጠገብ ታላቁ ጉባኤ፣ ኩሩልታይ የሚባለው፣ ተጠርቶ ጀንጊስ ካን ተብሎ ሲሾም ይህን ሁሉ ቂም ወደ ሥርዓት ቀየረው። ታታር፣ ከሬይት፣ ናይማን፣ መርኪት የሚባሉት ትላልቅ ነገዶች እንደ ነገድ እንዳይነሡ ተበተኑ። ሕዝቡ በአሥር፣ በመቶ፣ በሺህ ተደለደለ፤ 95 ሻለቆች ተሾሙ፤ አሥር ሺው ደግሞ ቱመን ተባለ። አንድ ሰው ከተመደበበት ክፍል ወጥቶ ወደ ሌላው ቢሄድ ቅጣቱ ሞት ነበር። ሻለቃዎቹን ስንመለከት የጌታ ልጆች ብቻ አይደሉም። ሙቃሊ በትውልድ ባሪያ ነበር፤ ኋላ የሰሜን ቻይናን ጦርነት በሙሉ ተሸክሞታል። ጀቤ በጠላት ወገን ሆኖ የቴሙጂንን ፈረስ አንገት በቀስት የመታ ሰው ነው፤ ሲማረክ ሳያስተባብል «እኔ ነኝ» ስላለ አልተገደለም፤ ተሾመ እንጂ። የሻለቆቹ ልጆች ደግሞ አሥር ሺህ ሰው ባለው የንጉሡ ክብር ዘበኛ፣ በከሺግ ውስጥ ገቡ። በአንድ በኩል የነገ አስተዳዳሪ ሆነው ይሠለጥናሉ፤ በሌላ በኩል አባቶቻቸው እንዳያምፁ መያዣ ናቸው።

ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ደርሰው አገዙት። አንደኛው ጽሕፈት ነው። በ1204 ናይማኖች ሲሸነፉ ታታቱንጋ የተባለ ኡይጉር ጸሐፊ የጌታውን ማኅተም እንደያዘ ተማረከ፤ ጀንጊስ ካንም ልጆቹን እንዲያስተምር አደረገው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የሞንጎል ፊደል የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው ዝናብ ነው። በሞንጎሊያ ያረጁ ዛፎች ግንድ ውስጥ ያለው የዓመት ቀለበት ተጠንቶ በ2014 የወጣ ምርምር ከ1211 እስከ 1225 ያለው ጊዜ በሺህ ዓመት ያልታየ ተከታታይ እርጥበት እንደነበረው አሳይቷል። እያንዳንዱ ፈረሰኛ በርካታ ቅያሪ ፈረሶችን ይዞ ለሚዘምት ሠራዊት ሣር ነዳጁ ነው። ዝናቡ ብቻውን ኢምፓየር አልሠራም፤ የተደራጀ ሰው ባያገኘው ኖሮ ከብት አብዝቶ ያልፍ ነበር።

ኦትራር፣ ከዚያም የተከተለው

ሰሜን ቻይናን ይገዛ የነበረው የጂን መንግሥት ከ1211 ጀምሮ ተወጋ፤ ዛሬ ቤጂንግ የምንላት ዦንግዱ በ1215 ተያዘች። ዓለምን ያናወጠው ግን የምዕራቡ ዘመቻ ነው፤ መነሻውም ንግድ ነበር። በ1218 ጀንጊስ ካን 450 ገደማ ነጋዴዎች ያሉበትን የግመል ጓዝ ወደ ኽዋራዝም ሻህ መሐመድ አገር ላከ። ሲር ዳርያ ወንዝ አጠገብ ባለችው በኦትራር ከተማ ገዥው ሰላዮች ናችሁ ብሎ አስገደላቸው፤ ንብረታቸውንም ወረሰ። ካሳ ሊጠይቁ ከሄዱት መልእክተኞች አንዱ ተገደለ፤ ሌሎቹ ጢማቸውን ተላጭተው ተመለሱ።

በሞንጎሎች ዘንድ መልእክተኛ አይነካም። በ1219 መገባደጃ ኦትራር ተከበበች። በ1220 ቡኻራና ሳማርካንድ ወደቁ። በ1221 ኡርገንጅ፣ መርቭና ኒሻፑር ተራ በተራ ጠፉ። አሠራሩ የተለመደ መልክ ነበረው፦ እጅ የሰጠ ከተማ ይገብራል፣ ይተርፋል፤ የተዋጋ ወይም ገብሮ ያመፀ ይደመሰሳል። ከሚገደሉት መካከል ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ጠራቢው ተለይተው ወጥተው ወደ ምሥራቅ ይነዳሉ። ወጣቶቹ ለቀጣዩ ከተማ ከበባ ከፊት ይሰለፋሉ። ወሬው ከሠራዊቱ ቀድሞ እንዲደርስም ሆን ተብሎ ይለቀቃል።

በኋላ ሞንጎሎችን ያገለገለው ፋርሳዊው ታሪክ ጸሐፊ ጁወይኒ በመርቭ ብቻ የተቆጠረው ሬሳ ከ1,300,000 እንደሚበልጥ ጽፏል። ይህ ሊሆን አይችልም፤ ከተማዋ በዙሪያዋ ካሉት መንደሮች የሸሸው ቢጨመርባትም ያን ያህል ሰው አትይዝም። አሁን አሁን ይህን ማጋነን እያነሱ ሞንጎሎችን የነፃ ንግድና የሃይማኖት እኩልነት ሐዋርያ አድርገው የሚጽፉ በዝተዋል። ቁጥሩ ተጋነነ ማለት ጥፋቱ አልነበረም ማለት አይደለም። መርቭና ኒሻፑር ያሉበት የኾራሳን ከተሞች የሚኖሩት በመስኖ ነው፤ ቦዩን የሚጠርገው ሰው ሲያልቅ እርሻው አብሮ ይሞታል፤ መርቭም የቀድሞ ክብሯን ዳግም አላገኘችም።

ጀንጊስ ካን በ1227 በሰሜን ምዕራብ ቻይና የነበሩትን ታንጉቶች ሲወጋ ሞተ። ልጁ ኦጎዴይ በ1229 ሲነግሥ መስፋፋቱ ቀጠለ። የጂን መንግሥት በ1234 ጠፋ። የጀንጊስ ካን የልጅ ልጅ ባቱና አዛዡ ሱቡታይ ሪያዛንን በ1237፣ ኪየቭን በ1240 ደመሰሱ፤ በኤፕሪል 1241 በሁለት ቀን ልዩነት ሌግኒትሳ ላይ ፖሎችን፣ ሞሂ ላይ ሃንጋሪዎችን ሰበሩ። በ1242 ግን ከሃንጋሪ ወጥተው ሄዱ። ኦጎዴይ በዲሴምበር 1241 ሞቶ ነበርና ማን ይንገሥ የሚለው ጥያቄ ተከፍቷል። የሃንጋሪ ሜዳ ለዚያ ሁሉ ፈረስ አይበቃም የሚል ምክንያትም ይሰጣል፤ ሁለቱም ሳይደራረቡ አልቀሩም።

ከኮርቻ ወርዶ ማስተዳደር

ሰሜን ቻይና ሲያዝ አንዳንድ የሞንጎል አለቆች ገበሬውን አጥፍተን አገሩን ግጦሽ እናድርገው ብለው ነበር ይባላል። የተከራከራቸው ዬሉ ቹጻይ የተባለ የኪታን ተወላጅ ሹም ነው። ስለ ርኅራኄ አልሰበከም። እነዚህ ሰዎች በሕይወት ቢቆዩ በየዓመቱ 500,000 ወቄት ብርና 80,000 ጥቅል ሐር ይገብራሉ ብሎ በሒሳብ አሳየ። ኦጎዴይ እስኪ ሞክረው አለው። ገንዘቡ ገባ፤ ሐሳቡ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ የዚህ ሒሳብ ተከታይ ነው ማለት ይቻላል። ሌላው የጀንጊስ ካን የልጅ ልጅ ሞንግኬ ካን በነበረበት ዘመን (ከ1251 እስከ 1259) ከቻይና እስከ ሩሲያ ሕዝብና ንብረት ተቆጠረ። ያም የሚባለው የመልእክተኛ መንገድ ከኦጎዴይ ዘመን ጀምሮ ተዘርግቷል፤ በየአንድ ቀን መንገዱ ጣቢያ አለ፤ ጣቢያው ፈረስ፣ ስንቅና ማደሪያ ያቀርባል፤ የንጉሥ ሰሌዳ የያዘ ሰው የደከመ ፈረሱን ጥሎ ትኩስ ፈረስ ላይ ወጥቶ ይቀጥላል። ይህን የሚቀልበው በአካባቢው ያለው ሕዝብ ነበር፤ ነጋዴው ሁሉ ሰሌዳ እየያዘ ሲንደላቀቅበት ምሬቱ ከግብሩ ባሰ።

በ1254 የሞንጎሎች ዋና ከተማ ካራኮሩም የደረሰው ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ዊልያም ሩብሩክ ከተማዋ ከአንድ የፈረንሳይ ገዳም መንደር አትበልጥም ብሎ አቃልሏታል። ያየው ነገር ግን ቀላል አልነበረም። ሁለት መስጊድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አሥራ ሁለት የጣዖት ቤት ቆጥሯል። ከሃንጋሪ ተማርኮ የመጣ ጊዮም ቡሼ የሚባል የፓሪስ ብር አንጥረኛ ለሞንግኬ ትልቅ የብር ዛፍ ሠርቶለት ነበር፤ ከሥሩ አራት የብር አንበሶች የፈረስ ወተት ይተፋሉ፤ ከቅርንጫፎቹ ወይን፣ ጠጅና የሩዝ መጠጥ በየቧንቧው ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ መለከት የያዘ መልአክ ቆሟል። መለከቱን በመጀመሪያ ወናፍ እንዲነፋው ታስቦ ነበር፤ ንፋሱ አልበቃ ሲል ከሥር የተደበቀ ሰው ይነፋው ጀመር። ሞንግኬ ክርስቲያኑን፣ እስላሙንና ቡድሂስቱን ፊት ለፊት አቀራርቦ ካከራከረ በኋላ ለመነኩሴው የነገረው ቃል የታወቀ ነው፦ እግዚአብሔር ለእጅ የተለያዩ ጣቶች እንደሰጠ ለሰውም የተለያዩ መንገዶች ሰጥቶታል።

ይህ መቻቻል ስሌትም አለበት። ቄሱም ኢማሙም መነኩሴውም ከግብር ነፃ የሚሆነው ለካን ቤተሰብ እንዲጸልይ ነው። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1267 የነፃነት ደብዳቤ አግኝታ በሞንጎሎች ዘመን መሬቷን አበዛች፤ በኋላ ግን የታታር ቀንበር (ሩሲያውያን ሞንጎሎችን ታታር ይሏቸው ነበር) የሚለውን ምሬት ካጸኑት መካከል የራሷ ጸሐፊዎች ይገኛሉ።

መንገዱ ሲከፈት ሰውም ዕቃም ተላወሰ። ከፋርስ የመጣው ኮባልት በቻይናዋ ጂንግዴዥን ሰማያዊና ነጭ ሸክላ ሆነ። በ1273 ሺያንግያንግን ያስገበረው ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ ከፋርስ በተጠሩ ሁለት መሐንዲሶች የተሠራ ነው። በፋርሷ ማራጋ ሊቁ ናሲር አል ዲን ቱሲ የኮከብ መመልከቻ አቋቋመ። ሁሉም ግን አልሠራም። በ1294 የፋርስ ሞንጎሎች ግምጃ ቤታቸው ባዶ ሲቀር የቻይናን የወረቀት ገንዘብ በታብሪዝ አወጡ፤ የማይቀበል ይገደላል ተባለ። ነጋዴው ሱቁን ዘጋ፤ ገበያው ባዶ ቀረ፤ በሁለት ወር ገደማ ወረቀቱ ተሰበሰበ። ገበያ በአዋጅ አይታመንም፤ ሰይፍ ቢመዘዝበትም።

እኛን የሚነካ አንድ ክር እዚህ ላይ አለ። አውሮፓውያን በምሥራቅ አለ ብለው ያምኑ የነበረውን ክርስቲያን ንጉሥ፣ «ቄሱ ዮሐንስ» የሚሉትን፣ ሲፈልጉ በ1221 የሞንጎሎችን ዘመቻ ወሬ ሰምተው እርሱ መጣልን ብለው ነበር። ማርኮ ፖሎም ቶግሩልን፣ የንስጥሮሳውያንን እምነት የተቀበሉትን የከሬይቶች ንጉሥ፣ ያ ሰው እርሱ ነው ብሎ ጻፈ። ሞንጎሎቹ ምን እንደሆኑ በደንብ ሲታወቅ ተረቱ አልሞተም፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ አዞረ። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በዐፄ እስክንድር ዘመን ማብቂያ ወደ አገራችን የመጣው ያንኑ ንጉሥ ፍለጋ ነው።

ወራሽ ማን ነው?

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጀንጊስ ካን የሌላውን ጎሳ በሺህ ከፋፍሎ ሲደለድል ሺሆቹን የሰጠው ለእናቱ፣ ለወንድሞቹና ለልጆቹ ነው። የተገዛው ሁሉ የቤተሰቡ የጋራ ሀብት ሆነ፤ እያንዳንዱ ልጅ ሕዝብ፣ ግጦሽና ጦር ተካፈለ። በሞንጎሎች ልማድ ታላቁ ልጅ ራቅ ያለውን መሬት ያገኛል፤ ታናሹ የአባቱን ምድጃ ይወርሳል። ፋርሳዊው ታሪክ ጸሐፊ ራሺድ አል ዲን እንደሚለው ከ129,000 ጦር 101,000ው ለታናሹ ለቶሉይ ደረሰ። ዙፋኑ ግን ለሦስተኛው ልጅ ለኦጎዴይ። ጦሩና ዘውዱ በተለያየ ቤት ማደራቸው በራሱ ነገር ይበቃል።

ለምን ሦስተኛው? ታላቁ ጆቺ ነበር። እናቱ ቦርቴ በመርኪቶች ተጠልፋ ስትመለስ የተወለደ በመሆኑ አባትነቱ ሁልጊዜ ይታማል። ከኽዋራዝም ዘመቻ በፊት ስለ ወራሽ ሲነሣ ሁለተኛው ልጅ ቻጋታይ በአባታቸው ፊት ይህ የመርኪት ዲቃላ ሊገዛን ነው እንዴ ብሎ ተነሣ፤ ወንድማማቾቹ ተናነቁ። ኦጎዴይ የተመረጠው ሁለቱም ሊታገሡት ስለቻሉ ነው። ግማሽ ዓለምን የሚያደራጅ ሰው የራሱን ቤት ጉዳይ በሽምግልና አለፈው፤ ሕግ ሳያበጅለት።

ከዚያ በኋላ ካን በሞተ ቁጥር ያው ነገር ይደገማል። ኦጎዴይ ሞቶ ሚስቱ ቶሬጌኔ አምስት ዓመት ገዛች፤ ልጇ ጉዩክ በ1246 ነግሦ በሁለት ዓመቱ ሞተ። የቶሉይ መበለት ሶርቃቅታኒ፣ ክርስቲያኗ የቶግሩል ወንድም ልጅ፣ ከባቱ ጋር ተማክራ በ1251 ዙፋኑን ወደ ልጇ ወደ ሞንግኬ አዞረች። ይህ በምክክር ብቻ አልተፈጸመም። የኦጎዴይና የቻጋታይ ቤቶች ተመነጠሩ፤ የጉዩክ መበለት ኦጉል ቃይሚሽ ወንዝ ተጣለች። በ1259 ሞንግኬ ቻይና ውስጥ ሲሞት ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች፣ ኩብላይና አሪቅ ቦኬ፣ በ1260 ለየብቻቸው ኩሩልታይ ጠርተው ሁለቱም ታላቅ ካን ተባሉ። አራት ዓመት ተዋጉ። ኩብላይ አሸነፈ፤ አንድ የሆነ ግዛት ግን ከዚያ ወዲያ የለም።

በዚያው ዓመት በሌላው ጫፍ የሆነውን እንይ። ሌላው ወንድም ሁላጉ በፌብሩዋሪ 1258 ባግዳድን አፍርሶ የመጨረሻውን የአባሲድ ኸሊፋ አል ሙስታዕሲምን ገድሎ ነበር። የሞንግኬ ሞት ሲሰማ አብዛኛውን ጦር ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ሶርያን ለአዛዡ ለኪትቡቃ ተወለት። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1260 የግብፅ ማምሉኮች ዓይን ጃሉት ላይ ኪትቡቃን ገደሉት። ከማምሉኮቹ አዛዦች አንዱ ባይባርስ ነው፤ ሞንጎሎች የኪፕቻክን ሜዳ በወረሩ ጊዜ ተማርኮ በባርነት የተሸጠ ልጅ። በኋላ የግብፅ ሱልጣን ሆኖ አባት ጳጳስ ይላክልን የሚለው የይኩኖ አምላክ ደብዳቤ የደረሰው ለእርሱ ነው። ሩሲያን ያስገብር የነበረው የሞንጎል ክፍል፣ የወርቃማው ሆርድ፣ ካን በርኬ፣ የሁላጉ የአጎት ልጅ፣ እስላም ነበር፤ በአዘርባጃን ግጦሽና በምርኮ ድርሻ ተጣልቶ ከ1262 ጀምሮ ከሁላጉ ጋር ተዋጋ፤ ከባይባርስም ጋር ወዳጅነት አደረገ። ሞንጎል ሞንጎልን ለመውጋት ከሞንጎል ጠላት ጋር አበረ። ልብ ካልን የበርኬ ቅሬታ የጀንጊስ ካን ዘመዶች በ1202 ካነሱት አይለይም፤ ምርኮ እንዴት ይከፈል ነው።

እኛ ዘንድ ይህንኑ ችግር ነገሥታቱ የፈቱት መሳፍንቱን አምባ ግሸን ላይ በመዝጋት ነው፤ ጨካኝ መፍትሔ ነው፤ ለጀንጊስ ካን ቤት ግን የሚዘጋበት ተራራ ቀርቶ የመዝጋት ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም። ሁሉም ባለጦር ነው።

ግዛቱ የተሰነጠቀባቸው አራቱ ክፍሎች፣ የቻይናው፣ የፋርሱ፣ የመካከለኛው እስያው የቻጋታይ ቤትና ወርቃማው ሆርድ፣ ለየብቻ ኖሩ። ኩብላይ በ1271 ዩዋን የሚል ሥርወ መንግሥት አውጆ በ1279 ደቡብ ቻይናን ጨረሰ። የፋርሱ ጋዛን በ1295 ሰለመ። መቅሠፍቱ ወረርሽኝ በንግዱ መንገድ ተጓዘ፤ በኪርጊስታን ኢሲክ ኩል አጠገብ በ1338 እና 1339 ከሞቱ ሰዎች መቃብር የወጣው የበሽታው ዘረ መል በ2022 ይፋ ሆኗል። የፋርሱ ቤት በ1335 ወራሽ አጥቶ ፈረሰ፤ ዩዋን በ1368 ከቻይና ተባረረ።

ስሙ የማን ነው?

ግዛቱ ሲጠፋ አንድ ደንብ ሳይጠፋ ቀረ፤ ከጀንጊስ ካን ዘር ካልሆንክ ካን አትባልም። ቴሙር (ታሜርላን) ከዴልሂ እስከ አንካራ ሲያንቀጠቅጥ ካን ነኝ አላለም፤ ከዘሩ አግብቶ «አማች» የሚል ማዕረግ ይዞ፣ አሻንጉሊት ካን ከፊቱ አስቀምጦ ገዛ። የሞስኮ መኳንንት ለወርቃማው ሆርድ ግብር ሰብሳቢ ሆነው ነው ከሌሎቹ የሩሲያ መሳፍንት የገዘፉት። ጨካኙ ኢቫን በ1575 ስሜዖን ቤክቡላቶቪች የተባለ የጀንጊስ ዘር በሞስኮ ዙፋን ላይ አስቀምጦ ራሱ ለአንድ ዓመት ያህል እንደ ተራ መስፍን ሰገደለት። ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በክራይሚያ የጊራይ ቤተሰብ፣ ያው ዘር፣ ሩሲያ በ1783 ግዛቱን እስክትጠቀልል ገዝቷል። ፑቲን ስለ ክራይሚያ ታሪክ ሲናገሩ ይህን ክፍል አያስረዝሙትም።

ሶቪየት ኅብረት ስሙን ፈርታው ነበር። በ1962 ሞንጎሊያ 800ኛ ልደቱን ስታከብር፣ ቴምብር አትማ ሐውልት ስታቆም ከሞስኮ ቁጣ መጣ፤ በዓሉን የደገፈው የፖሊት ቢሮ አባል ቶሞር ኦቺር ከሥልጣን ተባረረ። ከ1990 በኋላ ሁሉም ተገለበጠ። አሁን ስሙ በብር ኖቱ፣ በአየር ማረፊያው፣ በቮድካው ላይ አለ፤ ፆንጂን ቦልዶግ ላይ የቆመው የፈረሰኛ ሐውልት 40 ሜትር ነው።

የቻይና መንገድ ከዚህ ይለያል። ቤጂንግ ጀንጊስ ካንን አትክደውም፤ ኦርዶስ ውስጥ በ1950ዎቹ ትልቅ መታሰቢያ አሠርታለታለች። የምትለው ዩዋን የቻይና ሥርወ መንግሥት ነው፤ እሱም የዚያ ሥርወ መንግሥት አያት ነው ነው። ይህን ትርክት የሚያፈርሰው ሞንጎሎች ቻይናን ከውጭ መጥተው እንደገዙ፣ ቻይናም ከግዛታቸው አንዱ ክፍል ብቻ እንደነበረች የሚያሳይ ካርታ ነው፤ በናንት ሙዚየም የተፈለገውም ያ እንዳይታይ ነው። በኦገስት 2020 መጨረሻ በውስጣዊ ሞንጎሊያ ትምህርት ቤቶች ሦስት ትምህርቶች ከሞንጎልኛ ወደ ቻይንኛ እንዲዞሩ ሲታዘዝ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ፤ አደባባይም ወጡ። ተቃውሞው ታፈነ። በዚያ አካባቢ ያለው የሞንጎል ቁጥር ከሞንጎሊያ ሕዝብ ይበልጣል፤ የታታቱንጋንም ፊደል በዕለት ትምህርት ይዞ የቆየው እርሱ ነው። ሞንጎሊያ በሶቪየት ዘመን ወደ ሲሪሊክ ፊደል ዞራ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ግን የመንግሥት ሰነዶች በሁለቱም ፊደል እንዲጻፉ ሕጓ ያዛል።

ኡላንባታር ይህን ሁሉ የምታደርገው ግን በተቆጠረ እርምጃ ነው። ወደ ውጭ የምትልከው ድንጋይ ከሰልና መዳብ በብዛት የሚሸጠው ለቻይና ነው፤ ነዳጇ የሚመጣው በብዛት ከሩሲያ። በሴፕቴምበር 2024 ፑቲን ወደ ኡላንባታር ሲመጡ ሞንጎሊያ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ያወጣባቸውን የእስር ማዘዣ እንድትፈጽም የፈረመችው ስምምነት ያስገድዳት ነበር። አልያዘቻቸውም፤ በሞንጎሊያ የፈረሰኛ ክብር ዘብ ታጅበው በጀንጊስ ካን ስም በሚጠራው አየር ማረፊያ በኩል መጥተው ተመለሱ። ፍርድ ቤቱ በሚቀጥለው ወር ሞንጎሊያ ግዴታዋን አልተወጣችም ብሎ ወሰነ፤ የሞንጎሊያ መንግሥት ግን አስቀድሞ ነዳጅና ኤሌክትሪክ ከጎረቤት የምናስመጣ አገር ነን የሚል መልስ ሰጥቶ ነበር።